በግሸን ማርያም ዕለት የተፈታው ኮምፒውተር

የዚያን ዕለት ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ። ባለቤቴ፣ ቱሪስት በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣው፣ በዓል ስለሆነ በቅሎዋን አስሮ የተቀመጠው። ሴት ልጃችን፣ ኮምፒውተሩ የእሷ ነው። ከአጥር ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ፣ ቴሌቪዥኗን ይዛ የመጣችው። የንስሐ አባታችን፣ ከቅዳሴ በኋላ ጎራ ያሉት። እና ከጋሸና የመጣው ጎሚስታ፣ የመኪና ጎማ የሚለጥፈው። ኮምፒውተሩን የፈታው እሱ ነው። ከእነዚህ ሌላ ማንም አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ በሰፈሩ ብዙ ሰው «እኔም ነበርኩ» ስላለ ነው።

ኮምፒውተሩ ትልቁ ዓይነት ነው፤ ስክሪኑ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ፣ ሳጥኑ ለብቻው ወለል ላይ የሚቀመጥ። ልጄ ከቴክኒክና ሙያ የቤት ንድፍ ተምራ ስትጨርስ ነው የገዛንላት። አሮጌ ነው። ከተዘጋ ቢሮ የወጣ ነው። ሲመጣ የሳጥኑ አንድ ጎን ክዳን አልነበረውም፤ ሆዱ ይታይ ነበር። ሻጩ «እንዲያውም አየር ያገኛል» አለን። እኔ ግን ክዳን የሌለው ነገር ቤቴ ውስጥ አላኖርም። እንስራው ክዳን አለው፣ ድስቱ ክዳን አለው፣ ጨው እንኳ ክዳን አለው። ከመጋረጃ የተረፈ ጨርቅ ስለነበረኝ ልብስ ሰፋሁለት። እስከ ወለል የሚደርስ ነው፤ ታችኛው ጠርዙ ጥልፍ አለው። ልጄ ስትሠራ ከፊት ትገልጠዋለች፤ ስትጨርስ እኔ አለብሰዋለሁ። ጎረቤቴ አይታ ለቴሌቪዥኗ እንዲሁ ያለ እንድሰፋላት ጠይቃኛለች።

ነገሩ ለምን እንዳስጨነቀኝ ልናገር። ልጄ ፓስፖርት አውጥታ ነበር። ከወልድያ የምትደውል ደላላ አለች፤ ልጆችን ወደ ቤይሩት የምታሰናዳ። የጎረቤቴንም ልጅ የላከቻት እሷ ናት። ለልጄ ደግሞ ከከተማው ሆቴሎች የአንዱ ባለቤት ሥራ ሰጥቷት ነበር። ሰውየው በግቢው ውስጥ በጎጆ መልክ አዳዲስ ክፍሎች ሊሠራ አስቧል፤ ከመሠራታቸው በፊት ሲያልቁ ምን እንደሚመስሉ እንደ ፎቶ አድርጋ እንድታሳየው ጠየቃት። ባልደረባው በግሸን ማርያም ማግስት ጠዋት ከአዲስ አበባ ይመጣል። ስዕሉን ከወደደው ልጄ በደመወዝ ትቀጠራለች። ልጄ ይህን ስትነግረኝ እንዲህ አለች፦

«እማ፣ ይሄ ከተሳካ አልሄድም። ካልተሳካ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ አታልቅሽብኝ።»

እሺ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩን እንደ አራስ ጠበቅኩት።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ ክር መጣበት። ሸማኔ ድር የወጠረበት ዕቃ ይመስል ነበር። ከዚያ ጨለመ። ልጄ አጠፋችውና አበራችው። መጣ። የቤቱን ንድፍ ልትከፍት ስትል ክሩ ተመለሰ፣ ደግሞ ጨለመ። እኔ ሶኬቱን ነቀልኩ።

«ለምን ትነቅይዋለሽ?» አለች።

«እንዳይብስበት።»

ቤታችን ውስጥ ነጎድጓድ ከተሰማ፣ መብራት ብልጭ ካለ፣ እንግዳ ከበዛም ሶኬት የምነቅለው እኔ ነኝ። ሌላ የማውቀው ሕክምና የለም።

የከተማው ኮምፒውተር ጠጋኝ ግሸን ሊሳለም ሄዷል ተባልን። ሱቁ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ልጄ ያን ጊዜ ነው ከገበያው በታች ጌም ቤት የነበረውን ልጅ ያሰበችው። ጌም ቤት ማለት ጎረምሶች እየከፈሉ በኮምፒውተር ኳስና ጦርነት የሚጫወቱበት ክፍል ነው። ቱሪስቱ ሲጠፋ ጎረምሶቹም የሚከፍሉት አጡና ተዘጋ። እሱም ጋሸና ሄዶ ጎሚስታ ቤት ገባ፤ የጭነት መኪና ጎማ ይለጥፋል። ደወለችለት።

«ነገ የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት ለማርያም ይዘጋል» አላት። «እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የእናንተ በዓል ለእኔ ዕረፍት ነው። አብሽሪ፣ እመጣለሁ።»

እኔ በዚያ አልተጽናናሁም። ጎማ የሚለጥፍ ሰው ስክሪን ምን ያውቃል ብዬ ነበር። ባለቤቴ «ጎማም ስክሪንም ሲበላሹ ያው ናቸው፤ ሁለቱም ያቆሙሻል» አለኝ። እሱ እንዲህ ነው የሚያጽናናው።

በማግስቱ የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ መልስ መጥተው መደብ ላይ ተቀምጠው ሳለ ጎሚስታው ገባ። ቀጭን ነው። የግራ እጁ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሯል፤ ጎማ ሲያወልቅ ብረት መትቶት ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ብሎ ለሁላችንም ሰላምታ ሰጠ፤ አባን ጎንበስ ብሎ። ከዚያ ሳጥኑ አጠገብ ተንበረከከና ከኪሱ ካቻቢቴ አወጣ። ሁላችንም አባን አየናቸው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ።

«አባ፣ ዛሬ ማርያም ናት» አልኳቸው። በቤታችን በግሸን ማርያም መርፌ እንኳ አይነካም። «ብሎን መፍታት እንዴት ነው?»

«ማን ነው የሚፈታው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ» አለ ጎሚስታው።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የእስላም ልጅ ነኝ። ከመርሳ በላይ ነው አገሬ።»

«እንግዲያ ምን ያስጠይቃል? እሱ ይፍታ፤ እናንተ እጃችሁን አታስገቡ።»

ባለቤቴ የእጅ ባትሪ ይዞ ነበር። «መብራት መያዝስ፣ አባ? ሥራ ነው አይደለም?»

«አንተ በአዘቦቱም መብራት ከመያዝ ሌላ ስትሠራ አላየሁህም» አሉት። «ያዝለት።»

ያዘለት።

ጎሚስታው በመጀመሪያ የነካው ልብሱን ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ልብሱ ነው» አልኩት።

«ያምራል። ግን እናቴ፣ ኮምፒውተር ይሞቀዋል።»

«እዚህ አገር እኮ ብርድ ነው፣ ልጄ።»

ልብሱን አወለቀ፣ በጠርዝ በጠርዙ አጣጠፈ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። የሰው ዕቃ አጣጥፎ የሚመልስ ሰው ብዙ አይታይም። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀለለኝ።

በመጀመሪያ ስለ መብራቱ ጠየቀ። ስታብላይዘሩን አየ፤ ደህና ነው አለ። ቀጥሎ «የታመመው ስክሪኑ ይሆናል፤ ሌላ ስክሪን አላችሁ?» አለ። የለንም። ጎረቤቴ ቴሌቪዥን አላት፤ ልጇ ከቤይሩት በላከችው የተገዛ ነው። ሄጄ ለመንኳት። ከነዳንቴሉ ተሸክማ መጣች፤ ለማንም አልሰጥም አለች፣ ራሷ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጎሚስታው ከሳጥኑ ወደ ቴሌቪዥኑ ገመድ አገናኘ። አበራ። ቀይና አረንጓዴው ክር ቴሌቪዥኑ ላይ መጣ።

«ንቀለው!» አለች ጎረቤቴ። «የእናንተ በሽታ ወደኔ ሊጋባ ነው።»

«አይጋባም» አላት።

«አንተ ሐኪም ነህ?»

«ጎሚስታ ነኝ።»

«እኮ ንቀለው።»

ነቀለው። «ስክሪኑ ንጹሕ ነው፤ በሽታው ሳጥኑ ውስጥ ነው» አለ። ጎረቤቴ ቴሌቪዥኗን አቅፋ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻው ከጭኗ አላወረደችውም።

ቀጥሎ ከሳጥኑ ውስጥ ቀጭን ሰሌዳ አወጣ። ሜሞሪ ነው አለን። ልጄን ላጲስ ጠየቃት፤ ጫፉ ላይ ያለውን ወርቃማ ጥርስ በላጲስ አሸ። እኔ አራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ላጲስ የማውቀው ለተሳሳተ ቃል ነው። ለብረትም ይሆናል ማለት ነው። መለሰው፣ አበራው፣ ያው ክር መጣ። «እሱም አይደለም» አለ። በእርግጠኝነት ይህ ነው ብሎ የጀመረው ሁሉ አልሆነም። እኔ ጭንቀቴ ሲበዛ የማደርገውን አደረግሁ፤ ሽሮ ልሠራለት ወደ ጓዳ ገባሁ። የመስቀል ሥጋ ነበረን፤ ግን የእኛን ሥጋ አይበላም። ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት አወጣሁ።

ከጓዳ ሆኜ ጎረቤቴ ልጄን ስታነጋግራት እሰማለሁ።

«ደላላዋ ትናንት ደውላልኝ ነበር። ልጅቱ ምን አሰበች ትላለች።»

«ነገ እነግራታለሁ ብያታለሁ እኮ።»

«ነገ ምን ይለወጣል? ይሄው ሆዱን ዘርግፎ ተኝቷል። የእኔ ልጅ ብሎን ሳትፈታ ቤት ሠራች።»

ባለቤቴ ባትሪውን እንደያዘ፣ ዞር ሳይል፣ «ሠራች፤ አላየችውም እንጂ» አላት።

ጎረቤቴ የቴሌቪዥኗን ዳንቴል አቃናች። እኔም ሽሮውን ማማሰሌን አቆምኩ። ልጇ ከሄደች በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ አልመጣችም፤ ቤቱን በስልክ ነው የምታየው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። ከበቅሎ ጋር ሲውል ቃል መምረጥ ይረሳል።

ጎሚስታው «እህቴ፣ ይሄ ሳጥን ይጮህ ነበር ወይስ ዝምተኛ ነው?» ብሎ ልጄን ጠየቃት።

«ድሮ ይጮህ ነበር» አለች። «ከመስቀል ወዲህ ዝም ብሏል።»

እሱን እኔም አውቃለሁ። ስትሠራ እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር፤ ከመስቀል በኋላ ዝም ሲል ጤና አገኘ ብዬ እግዚአብሔርን አመስግኜ ነበር።

ጎሚስታው ራሱን ነቀነቀ። ከሳጥኑ መሃል ወፍራምና ረዥም ሰሌዳ ፈትቶ ሳበ፤ መዳፍ የምታህል ማቀዝቀዣ ፋን አለችበት። «ግራፊክስ ካርድ ይባላል» አለኝ፤ ሽሮውን ይዤ ስወጣ። «ስዕሉን እየሳለ ለስክሪኑ የሚያቀብለው ይሄ ነው። አሁን ያለ እሱ እንሞክር።» ገመዱን ከሳጥኑ ጀርባ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካ። አበራ።

ስክሪኑ መጣ። ጥርት ያለ፣ ክር የሌለው። ባለቤቴ «ጭነት ሲወርድላት ተነሣች» አለ። አባ «ተመስገን» አሉ። እኔ ሳህኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

ልጄ ግን አልሳቀችም። ተቀምጣ ንድፉን ከፈተች። ኮምፒውተሩ ጥቂት አሰበና ፕሮግራሙን ዘጋው። ደግማ ከፈተች፤ ዘጋው።

«ጠፋ?» አልኳት። «የሠራሽው ሁሉ ጠፋ?»

«አልጠፋም፣ እማ።»

አላመንኳትም፤ እኔን ለማረጋጋት የምትዋሽበትን ድምፅ አውቀዋለሁ። ጎሚስታውን አየሁት።

«አልጠፋም፣ እናቴ» አለ። ሳጥኑ ውስጥ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ብረት አሳየኝ። «የሠራችው ሁሉ እዚህ ነው የተቀመጠው። ካርዱ ቢሞት እሱ አይነካም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ይሄ ሥራ ከባድ ነው፤ ያለ ካርዱ አይጎትተውም። ስዕሉ አለ፤ የሚስለው የለም።»

«ነገ ጠዋት ነው የሚመጡት» አለች ልጄ።

«ሰምቻለሁ።»

ጎረቤቴ ከንፈሯን መጠጠች። ከንግግሯ የከፋ ነበር።

ባለቤቴ አባን «ጸበል ይዘዋል፤ ጥቂት ረጨት ቢያደርጉለትስ?» አላቸው። የፕላስቲክ ጠርሙሱ ከጎናቸው ነበር።

«ለሰው ነው የሚረጨው እንጂ ለብረት አይደለም» አሉ። «እሷን እረጫታለሁ።»

ልጄ ተነሣች። እኔ ከሳጥኑ አራቅኋት፤ ደግሜም ወደ በሩ አራቅኋት። አባም ገብቷቸው እጃቸውን በጣም አልዘረጉም። ተረጨች። ፊቷን ሳትጠርግ ተመልሳ ቁጭ አለች።

ጎሚስታው በዚህ መሃል ካርዱን ገልብጦ ፋኗን በጣቱ ሊያዞራት ይሞክራል። አትዞርም። ባለቤቴ ባትሪውን አስጠጋ። ጎሚስታው ጥቁር ጥፍሩን ከፋኗ ሥር አስገብቶ አንድ ነገር ሳበ። ወጣ፣ ወጣ፣ አላለቀም። የደረቀ ሣር ነው፤ ዘንጉ ላይ እንደ ክር ተጠምጥሞ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አለ።

ሁላችንም ወለሉን አየን። የመስቀል ቄጤማ አሁንም እንደተጎዘጎዘ ነው። ግሸን ማርያም እስኪያልፍ አላነሣውም ብዬ የተውኩት። ሳጥኑ ቄጤማው መሃል ቆሟል። ልብሱም እጄ ላይ ነው፤ የጥልፉ ጠርዝ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ተጣብቋል። በየቀኑ ሳለብስና ሳወልቅ ጠርዙ ወለሉን ይጠርጋል፤ የጠረገውን ክዳን ወደሌለው ሆዱ ያነሣል።

ጎረቤቴ ዝቅ ብላ ጭኗ ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ከሥሩ አየችው።

«አባ፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ ሥርዓት ነው አይደለም?» አልኳቸው።

«ሥርዓት ነው» አሉ። «ወለል ላይ።»

ጎሚስታው አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። እስከ ዛሬም የምለው ይህ ነው፤ ሻጩ ክዳኑን ቢያመጣ ኖሮ ልብስ አልሰፋም ነበር።

ፋኗን አጸዳና ካርዱን መለሰ። አበራ፤ ዞረች፤ ያ የወፍጮ ድምፅ መጣ። ከዚያ ቀን በፊት ጩኸት ደስ ብሎኝ አያውቅም። ልጄ ንድፉን ከፈተች፤ ተከፈተ። ጎጆዎቹ መጡ፣ ጣሪያቸው፣ በሮቻቸው፣ ባለቤቱ ይተከላል ያለው የወይራ ዛፍ ሳይቀር። አየናቸው። አባም ተነሥተው አዩ። «የት ነው ይሄ ቤት?» አሉ። «ገና አልተሠራም» አለቻቸው። «እንዴት ታዲያ ጥላ ጣለ?» አሉ። ይህን ስታስረዳቸው ክሩ መጣ። ጨለመ።

ጎሚስታው ካርዱን ነክቶ እጁን ቶሎ አነሣ። «ፋኗ ቆማ ብዙ ሠርቷል፤ ተቃጥሏል» አለ። «አይድንም።»

ልጄ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋች። ወደ እኔ ሳታይ «እሺ» አለች። ለማን እንደሆነ አልገባኝም። ለጎሚስታው መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ጎረቤቴ ስልኳን ከመቀነቷ ስታወጣ አየሁ፤ የደላላዋን ቁጥር ልትሰጣት ነው። ልጄ ቁጥሩ አላት። ቢሆንም እጇን ዘረጋች።

ጎሚስታው ያቀረብኩለትን ሽሮ ሁለት ጉርሻ በልቶ ነበር። እጁን ታጠበ። «እናቴ፣ ይሄን ክደኑልኝ፤ እመለሳለሁ» አለና ወጣ። ከደንኩለት። የት እንደሄደ አልነገረንም። ባለቤቴ «አፍሮ ነው፤ አይመለስም» አለ። እኔ ግን ካቻቢቴውን ትቶ እንደሄደ አይቻለሁ። ሠራተኛ ዕቃውን ትቶ አይሸሽም። ይህን ለልጄ ነገርኳት፤ ስልኩን ለጎረቤቴ መለሰችላት።

ሲመለስ በአሮጌ ሰማያዊ ቲሸርት የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ዘረጋው። ሌላ ካርድ ነው፤ ከእኛው ይበልጣል፤ ሁለት ፋን አለው።

«ከየት አመጣኸው?» አለችው ልጄ።

«ከጌም ቤቴ። ሌላውን ሁሉ ሸጫለሁ፤ አንዷን ማሽን የድሮ አከራዬ ቤት አስቀምጫለሁ።»

«ለምን?»

«ቱሪስት ሲመለስ እከፍተዋለሁ ብዬ።» ካርዱን በላጲሱ እያሸ ነበር። «ካንዷ ነው የሚጀመረው።»

ልጄ «እንዲያ ከሆነ አልወስድም» አለች። እሱ ቀድሞ ሰክቶት ነበር። ብሎኑን አጠበቀና ገመድ ሲፈልግ መብራት ጠፋ። በሰፈሩ ሁሉ ነው የጠፋው። ተቀመጥን። ጎሚስታው ሽሮውን ጨረሰ። አባ የጎማ አለጣጠፍ ጠየቁት፤ በዝርዝር ነገራቸው፤ በደንብ አዳመጡ። ባለቤቴ ወጥቶ በቅሎዋን አየና ተመለሰ። እኔ ቄጤማውን ከሳጥኑ ዙሪያ በእጄ ለቀምኩ። መጥረጊያ አልያዝኩም፤ በዓል ስለሆነ። አባ አዩኝና ስለ ጎማው መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

መብራቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። ሶኬቱን የሰካሁት እኔ ነኝ፤ የነቀለ ይስካ ብዬ። ስክሪኑ መጣ። ክር የለም። ልጄ ንድፉን ከፈተች፤ ተከፈተ፤ ጠበቅን፤ አልጨለመም። ስዕሎቹን አንድ በአንድ ስታወጣ ሁለቱ ፋኖች ይጮሃሉ። አባ «ይሄ ጩኸቱ ጤና ነው?» ብለው ጠየቁ። «ጤና ነው፣ አባ» አለ ጎሚስታው። ጎረቤቴ ቴሌቪዥኗን ይዛ ተነሣች። በሩ ላይ ቆም ብላ ልጄን «የቤቱ ጣሪያ ያምራል» አለቻት። ከልቧ ነበር።

ጎሚስታው የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠው መሄድ ነበረበት። ልጄ «ካርዱን መቼ ትወስዳለህ?» አለችው።

«ሥራሽ ይለፍ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ። ልብሱን ግን፣ እናቴ...» አለኝ።

«አላለብሰውም» አልኩት።

«አይደለም። ሲጠፋ ያልብሱት። ሲሠራ ነው የማይፈልገው።»

አብሽሩ ብሎን ሄደ። ቲሸርቱን ረስቶት ነበር።

በማግስቱ የሆቴሉ ባለቤት ባልደረባ ስዕሉን አየ። አንድ መስኮት ወደ ምሥራቅ ይዙር አለ። ልጄ አዞረችው። ተቀጠረች። ለደላላዋ ደውላ «አልሄድም» ስትላት እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ የሰማሁት ይህን ቃል ብቻ ነው። ፓስፖርቱ የልብስ ሳጥኔ ውስጥ ነው። አልጣልኩትም፤ ሰነድ አይጣልም።

ጎሚስታው ግን በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ከዚያም በሚቀጥለው አልመጣም። ስልኩ መጀመሪያ አይነሣም ነበር፤ ኋላ ዝግ ነው ይላል። ባለቤቴ ጋሸና ድረስ ሄደ። የጎሚስታ ቤቱ ባለቤት «የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ወጣ» አለው። ከማን ጋር፣ ወዴት፣ አያውቅም። በእነዚያ ወራት መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። የድሮ አከራዩም ምንም አልሰማችም፤ ማሽኑ ግን ያለ ካርዱ እንደተቀመጠ ነው። መርሳ የሚሄድ ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ የአባቱን ስም ስለማላውቅ ከየትኛው ቤት ብለው ሲጠይቁኝ መልስ የለኝም።

ልጄ ከደመወዟ ሌላ ካርድ ገዝታለች። የእሱን አውጥታ እንዳሳየን በላጲስ አጽድታ ሰጠችኝ። ቲሸርቱን አጥቤዋለሁ። ካርዱን በእሱ ጠቅልዬ፣ ከላይ በኮምፒውተሩ ልብስ ሸፍኜ፣ የልብስ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ። ለመስቀል ቄጤማ ስጎዘጉዝ ኮምፒውተሩ ያለበትን ጥግ እዘላለሁ። ቱሪስትም በጥቂቱ መምጣት ጀምሯል፤ ባለቤቴ በቅሎዋን ይዞ ይወጣል።

ከጭነት መኪና ጋር የሚሄድ፣ ቀጭን፣ የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር የጠቆረ፣ አገሩ ከመርሳ በላይ የሆነ፣ ሰው ሲጨነቅ አብሽሩ የሚል፣ ጌም ቤት የነበረው ልጅ ነው። ጥፍሩ አሁን ተለውጦ ይሆናል። ያየው ሰው ካለ ደህና መሆኑን ይንገረኝ። ካርዱ እኔ ዘንድ እንዳለ ለእሱም ይንገርልኝ።